በጫማና በሜትር

ጡረታ የወጡ ተዋጊ አብራሪዎች ሲጨዋወቱ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባችሁ ከፍታው ነው። አንዱ «15 ሺህ ላይ ነበርኩ» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «እኔ ደግሞ 5 ሺህ ላይ ሆኜ ከላይህ አይቼሃለሁ» ይላል። ውሸታም ይመስላችኋል፤ ግን እውነቱን ነው። የመጀመሪያው አሜሪካ የሠለጠነ ስለሆነ ከፍታ የሚቆጥረው በጫማ ነው። ሁለተኛው ሶቪየት ኅብረት የሠለጠነ ስለሆነ በሜትር ይቆጥራል። 5 ሺህ ሜትር ከ16 ሺህ ጫማ በላይ ነው። አንድ አየር ኃይል፣ አንድ ማኮብኮቢያ፣ አንድ ጠረጴዛ፤ ሁለት መለኪያ።

እኔ ስልኬን አውጥቼ በ3.28 አባዛለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት ሥራዬ ይኸው ነው፦ ሹፌር፣ ፎቶ አንሺ፣ እና ጫማን ወደ ሜትር መላሽ።

አባቴ ከሜትሮቹ ወገን ነው። ሚግ-23 ነበር የሚያበረው። በየዓመቱ ከገና በኋላ፣ ከውጭ የመጡት ሳይመለሱ፣ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ተገናኝተው ምሳ ይበላሉ። እነሱ አሁንም ደብረ ዘይት ነው የሚሉት። አባዬ ዐይኑ ደክሞ መኪና መንዳት ስላቆመ እኔ ነኝ የማደርሰው። «ስም እንዳትጽፊ» ተብያለሁ፤ ስለዚህ በአውሮፕላናቸው እጠራቸዋለሁ። ጋሼ ኤፍ-5፣ ጋሼ ሄሊኮፕተር፣ ጋሼ አንቶኖቭ። እርስ በርሳቸውም ሲተራረቡ እንደዚያው ነው።

የፓይለት ጨዋታ በእጅ ነው። የኤፍ-5 ሰዎች መዳፋቸውን ገትረው ጣቶቻቸውን ይገጥማሉ፤ ቀኝ እጅ ግራ እጅን ከኋላ ያሳድዳል። አውሮፕላኑ ክንፉ አጭርና ግትር ነው፣ ሚሳይሎቹም ክንፉ ጫፍ ላይ ናቸው፤ እጃቸው እሱን መስሏል። ሚግ-23 ግን ሁለት ክንድ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ክንፉን ያጥፋል። ሲነሳና ሲያርፍ 16 ዲግሪ ላይ ተዘርግቶ፣ ሲዋጋ 45፣ ሲከንፍ እስከ 72 ዲግሪ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። አባቴ ይህን ሲያሳይ ጠርሙስ ይወድቃል። ሁሌም ይወድቃል። አስተናጋጆቹ ስለለመዱት ሲያዩት ቀድመው አምቦ ውሃውን ያነሳሉ።

ከእጅ ቀጥሎ ጆሮ ነው። ቢሾፍቱ እስካሁን የአየር ኃይል ከተማ ናት፤ ሐረር ሜዳ ቅርብ ነው። በምሳው መሐል አንድ ጀት ካለፈ ወሬው በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። ማንም ቀና አይልም። ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ አንዱ «ኤል-39» ይላል። ሌላው «ተማሪ ነው፤ ስማው፣ ጋዙን እያጨናነቀው ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አንዳንዶቹ እኔን እንኳ ካልጮኽኩ የማይሰሙኝ ሰዎች፣ የማያውቁትን ልጅ እጅ በድምፅ ይለያሉ።

ስለ ድርጅቱ ራሱ ትንሽ ልበል፤ የእኛ ዕድሜ ሰው ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ያቋቋሙት ስዊድኖች ናቸው። መሪያቸው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ባላባት ነበር፤ ቀደም ሲል በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ሲያበር የነበረ ሰው። ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ፤ ያኔ የእርዳታ ሥራ ላይ ነበር። ጋሼ ኤፍ-5 ስለ እሱ ሲያወሩ «ቆጠርነው» ይላሉ፤ ከሞቱት አብራሪዎች ጋር ማለታቸው ነው።

ጋሼ ኤፍ-5 የጠረጴዛው አባወራ ናቸው። እሳቸው ሲጀምሩ ሌላው ሹካውን ያስቀምጣል። ታሪኩን አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አምስተኛም ብሰማው ደስ ይለኛል። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቷል። አሜሪካ ከደርግ ጋር ስለተጣላ መለዋወጫ አይመጣም፤ ቴክኒሻኖቹ ከአንዱ አውሮፕላን ፈትተው ለሌላው ይገጥማሉ። ሶማሊያ ሚግ-21 እና ሚግ-17 አላት። ሚግ-21 በቀጥታ ሩጫ ኤፍ-5ን ጥሎት ይሄዳል።

«ልጄ፣ ሩጫ የሚሸሽ ሰው ነው የሚያስፈልገው» ይሉኛል። «ውጊያ መዞር ነው። እኛ እንዞራለን።»

እጃቸው ይዞራል። ካራማራ ላይ የነበረው የራዳር ሰው በሬዲዮ ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ይነግራቸዋል፤ ፊቱን እምብዛም አያውቁትም፣ ድምፁን ግን እስካሁን ይቀዱታል። አፍንጫው ላይ ሁለት መድፍ አለ፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 280 ጥይት። ሳያቋርጡ ከተኮሱት 11 ሰከንድ ገደማ ነው። «ዕድሜሽ በሙሉ 11 ሰከንድ ነው በይው።» ከዚያ ነዳጁ ያልቃል፤ ኤፍ-5 ነዳጁ ትንሽ ነው። ሞተሩን ቀንሰው እንደ ጭልፊት እየተንሳፈፉ ድሬዳዋ ያርፋሉ። ቴክኒሻኑ ከፍቶ አይቶ «በዚህስ ቮልስዋገን እንኳ አይነሳም» ይላቸዋል።

ችግሩ፣ ቴክኒሻኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። «መጀመሪያ ዓመት 200 ሊትር ነበር» ይላሉ፣ ጥብሳቸውን እየበሉ። «ባለፈው ዓመት 100 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ገፍቼ ነው ያመጣሁት ይላል።» ሳቅ።

መስከረም 1970 ጅግጅጋና ካራማራ ሲያዙ ያ የራዳር ድምፅ ጠፋ። ጋሼ እዚህ ላይ ሲደርሱ አይስቁም። ለገሰ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ መታሰራቸውም የሚነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ጠረጴዛው ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ከዚያ ኩባዎቹ ይመጣሉ፣ ሶቪየቶች ከሶማሊያ ወደ እኛ ይዞራሉ፣ ከወራት በፊት ሲያሳድዱት የነበረውን ሚግ-21 ራሳቸው ያበሩታል (ይቺን ነገር ማንም ልቦለድ ላይ ቢጽፋት አላምነውም)፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ይመለሳል። ጭብጨባ። ብርጭቆ ይነሳል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው ያስተዋልኩት። ከዚህ ብርጭቆ በኋላ ታሪኩ ይቆማል።

ወሬው አይቆምም እኮ። ይወራል። የሩሲያ በረዶ ይወራል። የቀይ ሥር ሾርባው ይወራል፣ «ሃራሾ» እያለ ሁሉን የሚያሳልፈው አስተማሪ ይወራል፣ ማኮብኮቢያ ላይ ገብታ በረራ ያስቀረችው ላም ትወራለች። የአስመራ ማኪያቶ ይወራል፤ እንደ አስመራ ማኪያቶማ የሚወራ ነገር የለም። አስመራ ምን ይሠሩ እንደነበር ግን አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም። ከየካቲት 1970 እስከ ግንቦት 1983 አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ሰሚ ሆናችሁ ብትቀመጡ፣ በነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት ሰማዩ ላይ ማንም ያልበረረ ይመስላችኋል።

አባቴ ከሥልጠና የተመለሰው በ1974 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። እሱ ሲደርስ የሶማሊያው ጦርነት አልቋል። ካራማራ ላይ ብርጭቆ የሚያነሳው ለሌሎች ጀግንነት ነው፤ የራሱ በረራ በሙሉ ወደ ሰሜን ነበር። የእኛ አየር ኃይል ሚግ-23 ደግሞ ምድር ለመደብደብ የመጣው ዓይነት ነው፤ እጅ ለእጅ እየተሳደዱ ታሪክ የሚወራበት አይደለም።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ረቡዕ ነበር፣ ሐውዜን ላይ የገበያ ቀን። ሚጎች ገበያውን ደበደቡት። በአብዛኛው የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 2,500 ነው። በ1982 ደግሞ ምጽዋ በሻዕቢያ ከተያዘች በኋላ ከተማዋ ከአየር ተደብድባለች። ይህን የጻፍኩት አባቴ አለበት ለማለት አይደለም። እኔ ያስተዋልኩበት ቦታ ላይ ስትደርሱ እናንተም ቀኑን እንድታውቁት ነው።

ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ እናቷ ያደጉት ትግራይ ገጠር ነው። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሳድር ጣራው ላይ አውሮፕላን አለፈ፤ እናትየው ሳያስቡት ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጠላ ስብስብ አደረጉት። ልጃቸው ሳቀች። «እማ፣ መንገደኛ ነው እኮ!» ኋላ ለእኔ አስረዳችኝ። ነጭ ነገር ከላይ ይታያል። በዚያን ጊዜ ገበያው በሌሊት ነበር፤ ጤፉም በርበሬውም በኩራዝ ነው የሚሸጠው። ቀን ቀን ሰው ዋሻና ዛፍ ሥር ይውላል። እናቷ ልጅ ሆነው የአውሮፕላን ዓይነት በድምፅ ይለዩ ነበር አለችኝ፤ የትኛው እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚመለስ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ችሎታ አውቀዋለሁ። ሐይቁ ዳር፣ ዶሮ ወጥ ፊት፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ዝም ያሉበት ምክንያት አንድ ብቻ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ዝምታን እንደ በረራ የተማሩ ናቸው። ግንቦት 8 ቀን 1981 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ አዛዣቸው ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በዚያው ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ ሁሉ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ ወደ ካምፕ ገቡ፤ አንዳንዱ ታክሲ ነዳ፣ አንዳንዱ ተሰደደ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ተፈለጉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ጊዜ ተመትተው በሻዕቢያ ተማርከው ነበር፤ ተፈትተው፣ እንደገና ተጠርተው፣ ግንቦት 1990 አስመራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመቱ። አልተመለሱም። ታዲያ ሦስት መንግሥት እንዲህ ያገላበጠው ሰው አፉን ቢጠብቅ ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ግን «ትእዛዝ ነው» የምትለው ቃል ሁሉን ትዘጋለች ብዬም አላምንም። የጓደኛዬ እናት ለትእዛዙ አልነበሩም፤ ለድምፁ ነበሩ።

ዘንድሮ ነገሩን የሰበሩት ጋሼ ሄሊኮፕተር ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ከጀቶቹ ጋር ሲቀመጡ ትንሽ እንደ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጀቶቹም ይህን አይደብቁም። ያን ቀን ስለ ቀጭን አየር ክርክር ነበር፤ ደጋ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ አውሮፕላን ለመነሳት ስንት ሜትር ያስፈልገዋል የሚል። እሳቸው ድንገት «ሚ-8 ላይ ደግሞ ይብሳል» አሉ።

ሚ-8 የተቀመጠ ሰው 24 ይይዛል፣ በቃሬዛ ከሆነ 12። ይህ በወረቀት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ የሚሽከረከረው ክንፍ የሚጨብጠው ነገር ያጣል፤ ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ ነው። ቁስለኛ ሊያነሱ ሄደው ነው። የት እንደሆነ አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቀም።

«31 ተጭኖ ነበር» አሉ። «አልነሳም አለ። ኢንጂነሩ በሩን ከፍቶ ጮኸ፤ ሰው ወረደ። ሞከርኩ። አንድ ሜትር ብድግ አለና ቁጭ። እንደገና ሰው ወረደ። በ22 ተነሳ።»

በጠረጴዛው ላይ ከተነገሩት ከፍታዎች ሁሉ ዝቅተኛው ይኸ ነው፤ አንድ ሜትር።

ጋሼ አንቶኖቭ «ነፋሱ ከየት ነበር?» አሉ። እንደዚህ ነው የሚጽናኑት፤ ነፋስ እየጠየቁ።

«ከፊት።»

«ከፊት ሆኖ ነው?»

«ከፊት ሆኖ።»

እኔ መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል፤ ሹፌር ነኝ። ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ የወረዱት እነማን ናቸው?»

አዩኝ። «መራመድ የሚችል ይውረድ ነው ያልነው» አሉ። «መራመድ የሚችለው አልወረደም፤ እሱ በጁ በሩን ይይዛል። የወረዱት የተኙት ናቸው። ተጎትተው።» ቆየት ብለው «በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ቦታው በእኛ እጅ አልነበረም» አሉ።

ሁሉም እጆች ጠረጴዛው ላይ ተኝተው ነበር። ጋሼ ኤፍ-5 «ዶሮው ይቀዘቅዛል፣ ብሉ እንጂ» አሉ፤ በጣም በለሆሳስ። በላን።

ስንመለስ ዱከም ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አባዬ መስኮቱን ከፍቶ የጭነት መኪና ይቆጥራል። መኪና ውስጥ መጠየቅ ይቀላል፤ ፊት ለፊት አትተያዩም።

«አባዬ፣ ሐውዜን ነበርክ?»

«አልነበርኩም» አለ፤ ጥያቄውን ለዓመታት ሲጠብቀው እንደኖረ ፈጠን ብሎ። ከዚያ ሁለት መኪና ቆጠረ። «እዚያ አልነበርኩም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ነበርኩ።»

«ምን ይታይ ነበር?»

«ከ3 ሺህ ሜትር ሰው አይታይም። መንገድ ይታያል። ቆርቆሮ ያበራል። ጭስ ይታያል። ሰው ለማየት መውረድ አለብሽ፤ ስትወርጂ ደግሞ ፈጣን ነሽ፣ አታዪም።» እጆቹ ጭኑ ላይ ነበሩ። ክንፉን አልዘረጋም። «ሄሊኮፕተር ያያል» አለ። «እነሱ ያያሉ።»

3 ሺህ ሜትር 10 ሺህ ጫማ ገደማ ነው። በልቤ አባዛሁት፤ ልማድ ሆኖብኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዬ ማስተርሷን ጨርሳ ተመረቀች፤ ቤተሰብ ተጠራ፣ አባዬም መጣ። ቤታቸው ቦሌ ሚካኤል ነው፤ አውሮፕላን ጣራ ላይ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ግብዣው ሲበተን ቡና ላይ የቀረነው ጥቂት ነበርን። እናትየው ጀበናውን እንደያዙ አንዱ በላያችን አለፈ፤ አባዬ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። እሳቸውም ዘንበል አደረጉ። ተያዩ።

«የት ነበር የሚሠሩት?» አሉት።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። አባቴ «መንግሥት መሥሪያ ቤት» ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ለጎረቤት የሚለው እንደዚያ ነው።

«አየር ኃይል» አለ። «ከ74 እስከ 83።»

ሲኒውን ሞሉለት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ አይቻለሁ። «የትኛውን?»

«ሚግ-23።»

ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው አስቀመጡ። «እሱ» አሉ፣ «ድምፁ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እሱ ራሱ ያልፋል፣ ከዚያ ነው ድምፁ። አንቶኖቩን ከሩቅ እንሰማዋለን፤ እሱን ግን ስትሰማው አልፏል።»

አባዬ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አዎ» አለ። «ኋላ ነው የሚመጣው።»